ሻይ ቡና እና ስደት፦ ከአንድ የሐሙስ ጠረጴዛ የተወሰዱ ማስታወሻዎች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ፣ «ሻይ ቡና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የጥናት መስክ የሆነው?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱ ተገቢ ነው። ስለ ስደት የተጻፉ መዛግብትን ሳገላብጥ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ በእነዚያ መዛግብት ውስጥ መንግሥታት፣ ድርጅቶች፣ ስምምነቶችና አኃዞች ሞልተዋል። አራት ወዳጆች ሻይ ከበው ስለ ስደተኛ የሚነጋገሩት ነገር ግን በአንዱም ገጽ ላይ የለም። እኔ ደግሞ እያደር የተረዳሁት አንድ ስደተኛ በአንድ ከተማ ውስጥ መኖር መቻል አለመቻሉ በአመዛኙ የሚወሰነው እዚያ መሆኑን ነው። ቤቱን የሚያከራየው ሰው፣ ልጁን ከስደተኛ ልጅ አጠገብ የሚያስቀምጠው ወላጅ፣ መታወቂያ የሚመለከተው ጸሐፊ ሐሳባቸውን የሚቀምሩት በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን በሻይ ቤት ነው። ሕጉ የሚደርሳቸው ቆይቶ ነው፤ ከደረሳቸው።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጠረጴዛ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት አንዱ እኔ ስለሆንኩ፣ ስለ ራሴም መናገር ግድ ይሆንብኛል። ይህን ለማድረግ ከሁለት ዓመት በላይ አመንትቻለሁ።

ከአሥራ ስምንት ዓመት ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከወዳጆቼ ጋር ሻይ እጠጣለሁ። መጀመሪያ እንቀመጥበት የነበረው ሻይ ቤት መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ ሁለተኛው ወደ ሞባይል መሸጫ ተለወጠ፤ አሁን ያለንበት ሦስተኛው ነው። ከወዳጆቼ አንደኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ነርስ ናት። ሦስተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከቤቱ ጀርባ ያሉትን የሰርቪስ ክፍሎች ያከራያል። አራተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጎንደርና መተማ ሲመላለስ ኖሮ መኪናው አዲስ አበባ ባደረች ሐሙስ ብቻ ብቅ ይላል።

የምናወራው ሁላችሁም የምታወሩትን ነው። ዘይት ስንት ገባ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ምን ያህል ጨመረ፣ ታክሲ ጠፋ፣ እገሌ ሞተ፣ የእገሌ ልጅ ካናዳ ገባች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ለአንድ ወር ያህል ሌላ ወሬ አልነበረንም። ከዚያ በፊት ግን፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ወሬያችን ሁሉ ኪራይ ነበር።

በዚያን ሰሞን አንድ ሐሙስ ነርሷ ወዳጃችን ዘግይታ መጣች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችው። ለዘጠኝ ዓመት የተከራየችበትን ቤት በአንድ ወር ውስጥ ልቀቂ ተብላለች። ምክንያቱን ስንጠይቃት፣ «ሱዳኖች መጡ፤ የስድስት ወር በዶላር እንከፍላለን አሉ፤ እኔ ወጣሁ። ይኸው ነው። እኛ ምን በወጣን? የራሳቸውን አገር አቃጥለው የኛን ኪራይ ሰማይ ሰቀሉት» አለች።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። የሒሳብ ሠራተኛው ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። በመጨረሻ ጋሼ፣ «ልጄ፣ ያስወጣሽ ሱዳናዊው ነው ወይስ አከራይሽ?» ብለው ጠየቋት። «አከራዬማ ምን ያድርግ፣ ገንዘብ አይጠላ!» አለች። አከራዩ ወዳጃችን ይህን ጊዜ ነው ቀና ያለው።

ይህችን ሴት ታውቋት ዘንድ እወዳለሁ። በኮቪድ ጊዜ ለሳምንታት ከልጆቿ ተለይታ የታማሚ ክፍል ውስጥ የሠራች ሰው ናት። ታናሽ እኅቷ በቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ናት። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሊባኖስ ላይ የአየር ድብደባው ሲበረታ ብዙ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ቤት ቆልፈውባቸው ወይም ሜዳ ላይ ትተዋቸው እንደሸሹ በዜና ስንሰማ፣ ይህች ወዳጃችን ስልኳን እንደ መቁጠሪያ በእጇ ይዛ ነበር የምትቀመጠው። ክፉ ሰው አይደለችም። ስለ ስደተኛ የተናገረችውም ከክፋት የመነጨ ሳይሆን ከወር ደመወዝ የመነጨ ነው። በየሴሚናሩ «የአስተሳሰብ ችግር» የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ የኪራይ ችግር ነው ብል፣ የሙያ አጋሮቼ አይቀየሙኝ።

ያን ዕለት እኔ ምንም አልተናገርኩም። የምናገረው ሳይኖረኝ ቀርቶ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት ስለ ቃላት ልናገር፤ የሙያ ልማድ ነውና ታገሡኝ። «ተሰደደ» የሚለው ግሥ ተገብሮ ነው። «ሰደደ» ማለት ላከ፣ ለቀቀ፣ አባረረ ነው፤ ስለዚህ በተሰደደው ሰው ጀርባ ሁልጊዜ የሰደደ አለ። ከዚሁ ሥር «አሳደደ» እና «አሳዳጅ» ይወጣሉ። በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የስደተኞች ስምምነት ብዙ ቃላት አባክኖ ሊለው የሞከረውን፣ ማለትም ሰውዬው የሸሸው የሚያሳድደው ስላለ መሆኑን፣ ቋንቋችን በሦስት ፊደል ሥር ውስጥ ከትቶታል። ነገር ግን ያው ቋንቋ ወደ ቤሩትም፣ ወደ ሪያድም፣ ለእንጀራ ፍለጋ የወጣችውን «ስደተኛ» ይላታል። ሕጉ በሁለቱ መካከል ግንብ ያቆማል፤ አማርኛ ግንቡን አያውቀውም። የኦርቶዶክስ ምእመን ከመስከረም 26 ጀምሮ በወርኃ ጽጌ የሚያስበው የእመቤታችንና የልጇ ወደ ግብፅ መሄድ «ስደት» ነው፤ ሙስሊሙ ወንድማችንም የነቢዩን ከመካ ወደ መዲና መሄድ በአማርኛ ሲተርከው «ስደት» ይለዋል። ቃሉ በቤተ መቅደስም በመስጊድም የከበረ ሲሆን፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ግን ክብሩን ያጣል።

ይበልጥ የሚገርመኝ «ጥገኝነት» የሚለው ነው። አንድ ሰው ከአደጋ ሸሽቶ ከለላ ሲጠይቅ «ጥገኝነት ጠየቀ» እንላለን። ሥሩ «ተጠጋ» ነው፤ ቆንጆ ቃል ነው፤ ወደ እሳቱ ጠጋ በል እንደምንለው። ከዚሁ ሥር «መጠጊያ» ይወጣል፤ ሰው በጭንቁ ጊዜ ለአምላኩ የሚሰጠው ስም ነው። ነገር ግን ከዚያው ሥር «ጥገኛ» ይወጣል፤ በባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ በሌላው አካል ላይ ተጣብቆ የሚኖር ተሕዋስ ስም ነው። ሰጪው መጠጊያ ነው፤ ተቀባዩ ጥገኛ ነው። አንዱ ቃል ሁለት ፊት አለው፤ በየትኛው በኩል እንደቆምን ቃሉ ራሱ ይነግርብናል።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። በሚቀጥሉት ሐሙሶች ጉዳዩ ሳያነሱት የማያድሩት ሆነ። እንደተለመደው የታሪክ ማስረጃ መጥቀስም ተጀመረ። የሒሳብ ሠራተኛው፣ ምናልባት ኅሊናው ቆርቁሮት ይሆናል፣ የነጃሺን ታሪክ አነሣ፤ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ሲመጡ ንጉሡ አሳልፌ አልሰጥም ማለቱን። ጋሼ ደግሞ አርባ ልጆችን ጨመሩ። በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን ከጭፍጨፋ የተረፉ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ እንዳደረጓቸው፣ አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። እነዚህ እውነተኛና የሚያኮሩ ታሪኮች ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሁለቱም ታሪኮች አስተናጋጁ ንጉሥ ነው። ስደተኛው በዶላር የስድስት ወር ኪራይ ይዞ የገባበት ቤት የማን እንደነበር የሚናገር ታሪክ የለንም። እንግዳ ተቀባይነታችንን ከቤተ መንግሥት ታሪክ መቅዳት ልማድ አድርገናል።

ሌላም ልማድ አለን። አስተናጋጅ የሆንበትን እንተርካለን፤ እንግዳ የሆንበትን እንረሳለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው በኬንያ፣ በኢሲዮሎ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኖረዋል። በ1977ቱ ረሀብና ጦርነት ከትግራይ፣ ከወሎና ከጎንደር የወጣው ሕዝብ በምሥራቅ ሱዳን ሰፍሯል፤ ኡም ራኩባ የተባለው ካምፕ የዚያን ጊዜ ስም ነው። ዛሬ በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ወላጆች በእግር ወደዚያው ሄደው፣ ብዙዎቹ በመንገድና በካምፕ አልቀው፣ የተረፉት በ«ዘመቻ ሙሴ» ተወስደዋል። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ ከ60 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ሱዳን ገቡ፤ ከፊሎቹ የሰፈሩት እዚያው ኡም ራኩባ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የገዳሪፍ ገበሬ ኪራይ ስለመወደዱ ምን ብሎ እንደነበር አልጠየቅንም።

ጋሼ በወጣትነታቸው ጋምቤላ አስተምረዋል። ያኔ ኢታንግ ላይ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ካምፕ ነበር፤ ከትልልቆቹ አንዱ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ካምፑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ፤ ሕዝቡ ወደ መጣበት ጦርነት በእግሩ ተመለሰ። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ብርጭቷቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው ሻይ ካርታ ይሥላሉ፤ አንድ ቀስት ወደ ምዕራብ፣ አንድ ቀስት ወደ ምሥራቅ። ኢትዮጵያውያን ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ በሚተሙባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ ሱዳናውያን ከላይኛው ዓባይ ወደ ጋምቤላ ይተሙ ነበር። ዛሬም በጋምቤላ ክልል የተመዘገበው የስደተኛ ቁጥር በ1999ኙ ቆጠራ ከተመዘገበው የክልሉ ነዋሪ፣ ማለትም ከ307 ሺህ ሰው፣ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ስለ ጥቂት ሺህ ሱዳናውያን ስናማርር ኢታንግ ምን ትበል? ይላሉ ጋሼ። በዓለም ደረጃም ቢሆን ከአሥር ስደተኞች ሰባት ያህሉ የሚኖሩት ባለጸጋ ባልሆኑ አገሮች ነው። «የስደተኞች ቀውስ» የሚለውን ሐረግ የማልወደው ለዚህ ነው። ሐረጉ የተፈጠረው ጉዳዩ የአውሮፓን በር ሲያንኳኳ ነው እንጂ ኢታንግስ አርባ ዓመት አልፏታል።

ኪራዩን በተመለከተ ግን የነርሷ ወዳጃችን ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። በተወሰኑ ሰፈሮች በዚያ ወቅት ውድድር ነበር፤ አይተነዋል። ነገር ግን በአዲስ አበባ የኪራይ ዋጋ ሱዳናዊ ሳይደርስ የተወደደ ነው፤ የቤት እጥረት፣ የዋጋ ንረትና የከተማው ዕድገት በአንድ ላይ ያመጡት ነው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ያወጣው ለዚሁ ነው። በከተማችን ከተመዘገቡት ስደተኞች የሚበዙት ደግሞ ኤርትራውያን ናቸው፤ ስማቸው ከእኛ ስም፣ ሻያቸው ከእኛ ሻይ ስለማይለይ ስናማርር አንቆጥራቸውም።

አሁን ያን ዕለት ዝም ያልኩበትን ልናገር።

ታላቅ እኅት አለችኝ። በ1977 ዓ.ም. እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከጭልጋ ተነሥታ ባሏን ፍለጋ ወደ ሱዳን በእግሯ ወጣች። ባሏን አላገኘችውም። ገዳሪፍ ጥቂት ዓመት በሰሊጥ አጨዳ ሠርታ ካርቱም ገባች፤ እዚያም ሻይ ሸጠች። ካርቱምን የምታውቁ በዓባይ ዳር፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሰልና ማንቆርቆሪያ ይዘው በዝቅተኛ ወንበር የሚቀመጡትን ሻይ ሻጮች አይታችኋል። ከዳርፉር ጦርነት የሸሹ አሉባቸው፤ ከኑባ ተራሮች የመጡ አሉባቸው፤ ሐበሾች አሉባቸው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ዕቃቸውን ሲወስድ «ከሻ መጣ» ይባባላሉ። እኅቴ ማንቆርቆሪያዋን ስንት ጊዜ እንደተወሰደባት አትቆጥረውም። በዚያ ሻይ ገንዘብ ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በሰው እጅ የምትልከው ገንዘብ በጨርቅ ተቋጥሮ ይደርሰኝ ነበር፤ የዝንጅብል ሽታ ነበረው።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በቤተሰባችን «ውጭ አገር ናት» ይባል ነበር። በተማሪነቴም፣ በመምህርነቴም፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያም «እኅቴ ውጭ አገር ናት» እል ነበር፤ ሰዎች አሜሪካ ወይም ጣሊያን ይመስላቸው ነበር፤ እኔም አላረምኩም። ስለ ስደት ስጽፍ፣ በስደተኞች መብት ላይ ሳስተምር፣ በገዛ እኅቴ ስደት አፍር ነበር። ሰዎች ሊያፍሩበት የማይገባ ነገር መሆኑን ከማስተማር በቀር ያደረግሁት አልነበረም።

የሱዳን ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀዳም ሥዑር ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። እነሱም ረመዳንን ሊጨርሱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። እንደ ልማዴ ማታ እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ፤ ስልኩ አልሠራም። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አልሠራም። ያ ጦርነት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አፈናቅሏል፤ ይህን አኃዝ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠቅሻለሁ፤ አሥራ ዘጠኙን ቀን ግን ዛሬ ነው የምጠቅሰው። ነርሷ ወዳጃችን ያን ንግግር ስትናገር፣ እኅቴ መተማ ከገባች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ማታ ማታ በቤቴ ሳሎን ፍራሽ ላይ ታድር ነበር። እኔ ግን ሻዬን እየጠጣሁ ዝም አልኩ።

እኅቴ ብቻዋን አልወጣችም። በካርቱም ደቡብ፣ ማዮ በተባለው ሰፈር፣ ሃያ ዓመት ያህል የኖረችው ከአንዲት የዳርፉር ሴት ግቢ ተከራይታ ነው። ያቺም ሴት የራሷን አገር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሸሽታ የመጣች ናት። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ ገዳሪፍ ደረሱ፤ ከዚያ ገላባት፤ ከዚያ በትንሿ ድልድይ ላይ ተሻግረው መተማ። እዚያ ሁለት ሰልፍ ነበር። እኅቴ «ተመላሽ» ተባለች። ጎረቤቷ «ስደተኛ» ተባለች። እኅቴ በእጇ የነበረው ብቸኛ ወረቀት ሱዳን የሰጣት የስደተኛ መታወቂያ ነበር፤ ኢትዮጵያዊነቷን ያስረዳችው የጭልጋን ቀበሌዎች አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው። አንዱ ሰልፍ ወደ አገር ቤት፣ ሌላው ወደ ኩመር የስደተኞች ጣቢያ። ስትነግረኝ፣ «ጣጣው እኮ፣ እኔ ጎንደርኛ ከተናገርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እሷ ግን ከኔ ተምራ ነበር። ‹እባክዎ ጌታዬ አብረን ነን› ያለችው እሷ ናት፣ በአማርኛ» አለችኝ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ከ1951ዱ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ በግል የሚያሳድደው ባይኖረውም፣ በውጭ ወረራ ወይም የሕዝብን ጸጥታ በብርቱ በሚያናጋ ሁኔታ አገሩን የለቀቀውን ሁሉ ስደተኛ ይለዋል። በዚያ ትርጉም ጎረቤቷ ስደተኛ ናት፤ ምንም አያጠራጥርም። የእኛም በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ ልደትና ጋብቻ የማስመዝገብ መብትን ያሰፍራል፤ በወጣበት ጊዜ በአህጉሩ ከሚመሰገኑት ሕጎች አንዱ ነበር። አሁንም መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የሥራ ፈቃዱን የሚሰጥ ጸሐፊ፣ ቤቱን የሚያከራይ ባለቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። በ2015 ክረምት መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ። በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ብዙ ስደተኞች የሚደርስባቸውን ዝርፊያና ጥቃት መቋቋም አቅቷቸው ከኩመርና ከአውላላ ጣቢያዎች ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ሾፌሩ ወዳጃችን ያን መንገድ ካቆመ ወራት አልፈውት ነበር፤ እኅቴ በየሐሙሱ መጥቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ ወሬ ይዞ ይሆናል ብላ።

ለጠረጴዛው እውነቱን የነገርኳቸው ያኔ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቼ። የተናገርኩት ደግሞ በድፍረት አልነበረም፤ ስለ ኩመር ከሾፌሩ መስማት ስለነበረብኝ ነው። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ፣ ሠላሳ ዓመት ስለ ስደተኛ አስተምረህ!» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ነርሷ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን እኅትህን ይዘሃት ና አለችኝ።

ይዣት ሄድኩ። ሻዩን አንድ ጊዜ ቀምሳ አስቀመጠችው፤ ውኃ ነው አለች። ነርሷ፣ «እትዬ፣ ካርቱም ኪራይ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ምን እንደሚመጣ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ እኅቴ ስለ ሱዳናውያን ቸርነት አንድ የሚያስለቅስ ነገር ትናገራለች፤ ወዳጃችንም ትጸጸታለች፤ እኔም ይቅር እባባላለሁ። እኅቴ፣ «ኪራይ? ሦስት ጊዜ ጨምራብኛለች! በረመዳን እንኳን አልማረችኝም። ሁለት ዓመት በኪራይ ተጣልተን አልተነጋገርንም» አለች። የሒሳብ ሠራተኛው ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። እኅቴ ቀጠለች። ሰፈሩም ሁሉ ሐበሾች ኪራይ አስወደዱ፣ ሐበሾች ሰፈር አበላሹ ይል እንደነበር፣ ይህን በዐረብኛ ስትሰማ እንደኖረች፣ አዲስ አበባ ደርሳ በአማርኛ ስትሰማው ግን መጀመሪያ ስለማን እንደሚወራ እንዳልገባት ነገረችን። ነርሷ፣ «ከዚያስ፣ እንዴት ታረቃችሁ?» አለች። «ከሻ ማንቆርቆሪያዬን ወሰደው። የራሷን አውጥታ ሰጠችኝ። ገንዘቡን ግን ቆጥራ ተቀብላኛለች፣ በአራት ወር» አለች እኅቴ።

እንግድነትና አስተናጋጅነት እንደዚህ ሲቀላቀሉ የሚያሳይ የመስክ ጥናት እስካሁን አላነበብኩም። ያቺ የዳርፉር ሴት ራሷ ተፈናቃይ ሳለች አከራይ ነበረች፤ እኅቴ ስደተኛ ሳለች ለካርቱም ተማሪና ወታደር ሻይ ታጠጣ ነበር፤ ታበድርም ነበር። በእኛ ምዝገባ አንዷ «ተመላሽ»፣ ሌላዋ «ስደተኛ» ብቻ ናት። ለተማሪዎቼ የማሳስበው፣ የምዝገባውን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የሰዎቹን የኪራይ ታሪክ ጠይቁ። ከመደብ ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል።

ነርሷ ወዳጃችን አሁን ሌላ ቤት ተከራይታለች፤ ከቀድሞው ይርቃል፣ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ስለ ሱዳናውያን ሐሳቧን የለወጠች አይመስለኝም፤ አንዳንድ ሐሙስ አሁንም ታማርራለች። ነገር ግን እኅቴ ካለች፣ «የእርስዎን ጎረቤት ማለቴ አይደለም እትዬ» ትላለች። እኅቴም፣ «እሷንም ማለትሽ ነው፣ ጭማሪው እንደሆን የሷ ነው» ትላታለች። የቤሩቷ ታናሽ እኅት በሰላም አለች፤ ወደ አገር ቤት ልትመለስ ትፈልጋለች፤ ኪራይ ስንት እንደደረሰ እየጠየቀች ነው።

የዳርፉሯ ሴት ከመንገድ ዳሩ ሰፈር ተነሥታ ወደ ገዳሪፍ ተመልሳለች። ይህን ያወቅነው ከሾፌሩ ሳይሆን ከራሷ ነው፤ አንድ ቀን በሰው ስልክ ደወለች። እኅቴ ወጥ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ረጅም ጊዜ በዐረብኛ ስትከራከር ሰማኋት። ስትወጣ ምን ተባባላችሁ ብላት፣ ከመውጣታቸው በፊት ያልተከፈለ የመጋቢት ኪራይ እንዳለባት አስታውሳት እንደሆነ ነገረችኝ። አሁን በሐሙስ ሐሙስ ከእኔ ጋር ትመጣለች፤ ዝንጅብሏን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ፣ ከአስተናጋጁ ፈቃድ ሳትጠይቅ ብርጭቆው ውስጥ ትጨምራለች። ያን የመጋቢት ኪራይ በማን እጅ እንደምትልከው ሾፌሩን ትጠይቀዋለች፤ እሱም መንገዱ እንደተከፈተ እወስድልሻለሁ ይላታል።

 ሰዓቱን የያዙት ባልደረባዬ ከፈቀዱ፣ ጥያቄ እቀበላለሁ።